የክረምት ውሃ፣ ልጆችና ውሻ፦ አትከልክሏቸው፣ አሳዩአቸው

ዛሬ የምጽፈው ስለ ማዳበሪያም ስለ ተምችም አይደለም። ስለ ውሻ ነው። አትሳቁ፣ ጉዳዩ የልጆቻችሁ ጉዳይ ስለሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ሐምሌና ነሐሴ ልጆቹ ቤት ናቸው። ጠዋት በቆሎውን ከጦጣና ከዝንጀሮ ይጠብቃሉ፣ ከብት ያግዳሉ፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል ደግሞ ሮጠው ወደ ጅረት ይወርዳሉ። ከኋላቸው ማን አለ? ውሻው። ብዙ አባት ይሄን ሲያይ ይቆጣል። «ውሻ ይዛችሁ ውሃ አትግቡ!» ይልና ድንጋይ አንስቶ ውሻውን ወደ ቤት ይመልሰዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ልጆቹ ከውሻው ጋር በውሃ ይጫወቱ ባይ ነኝ፤ እንዲያውም እንዴት እንደሚጫወቱ እናንተው አሳዩአቸው። ምክንያቴ ደስታቸው ብቻ አይደለም። በሰው እጅ ተነክቶ የማያውቅ ውሻ አይከተብም። ያልተከተበ ውሻ ደግሞ በግቢያችን ውስጥ የምናሳድረው አደጋ ነው።

የውሻ ክትባት ቀን ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ባለሙያው መርፌውን አዘጋጅቶ ይጠብቃል። አንዱ ባለቤት ውሻውን በገመድ እየጎተተ ይመጣል፣ ውሻው ገመዱን በጥርሱ በጥሶ ያመልጣል። ሌላው ባዶ እጁን ይመጣና «እኔንም አያስጠጋኝም፣ ማን ይይዘዋል?» ይላል። ሦስተኛው ጭራሽ አይመጣም። ይህ ሁሉ ውሻ ከቡችላነቱ ጀምሮ ከሰው እጅ ያገኘው ድንጋይና ዱላ ነው። ሌሊት ጅብ ሲመጣ የሚጮኸው፣ ጃርት ስኳር ድንቹን ሲቆፍር የሚያባርረው እሱ ነው፤ ግን ጀርባውን የዳሰሰው ሰው የለም። እንዲህ ያለውን ውሻ በአንድ ቀን ይዞ መርፌ መውጋት አይቻልም። በሁለት ወር የክረምት ጨዋታ ግን ይለመዳል።

የእብድ ውሻ በሽታን ነገር ቀለል አድርገን የምናየው ይመስለኛል። በዓለም ላይ በዓመት ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ገጠር ነው። ለሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። በእብድ ውሻ ከሚነከሱት ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው፤ ማለትም እነዚሁ ጅረት የሚወርዱት። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። መከላከያው ግን የታወቀ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው የሚሄድበት መንገድ ይቋረጣል። ሜክሲኮ ለብዙ ዓመታት ውሾቿን በነጻ ስትከትብ ቆይታ በ2019 እ.ኤ.አ. ከውሻ ወደ ሰው በሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ሰው የማይሞትባት አገር መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላታል። እዚያም ገጠር አለ፣ እዚያም በቆሎ የሚጠብቅ ውሻ አለ። በየከተማው ውሻን በመርዝ መግደል ግን መፍትሔ አልሆነም፤ የሞተው ቦታ ላይ ሌላ ያልተከተበ ውሻ ይመጣል።

እሺ፣ አሁን ወደ ጨዋታው እንግባ።

ስልካችን ላይ የፈረንጅ ውሾች ቪዲዮ እናያለን አይደል? ሐምሌ ለእነሱ የሙቀት ወር ነው። ውሻው የዋና ጃኬት ለብሶ በጀልባ ይሄዳል፣ ለእሱ ብቻ በተሠራ ገንዳ ይዋኛል። የእኛ ሐምሌ ዝናብና ጭቃ ነው፤ ገንዳም የለንም፣ አያስፈልገንምም። ያለን ነገር ይበቃል።

የመጀመሪያው ጨዋታ ከቤት ሳይወጡ የሚሆን ነው። ባዶ ሃይላንድ ውሰዱና ክዳኑን በጋለ ምስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ውሃ ሞልታችሁ ስትጨምቁት ሻወር ሆነ። ልጆቹ እርስ በርስ ይረጫጩበታል፣ ውሻውንም ያጥቡበታል። ውሻው መጀመሪያ ይሸሻል። አታባርሩት፣ አትያዙትም። ልጆቹ ራሳቸውን ይርጩ፣ እሱ ራቅ ብሎ ይይ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በጉጉት ይጠጋል። ያኔ ከእግሩ ይጀመር። እግሩ ላይ ትንሽ ውሃ፣ ከዚያ ቁራሽ ቂጣ። ከዚያ ጀርባው፣ ከዚያ አንገቱ። ፊቱ ላይና ጆሮው ውስጥ ውሃ አይረጭ፤ ጆሮ ውስጥ የቀረ ውሃ ያቆስላል።

እዚህ ላይ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ፣ ከጽሑፉ ሁሉ ይቺን ብትይዙልኝ ደስ ይለኛል። ሲያጥቡት አንዱ ትልቅ ልጅ ወይም አባት ከጎን ሆኖ አንገቱን አቀፍ አድርጎ ይያዘው፤ ሌላው ጀርባውን ይጠብ። እያጠበም የማጅራቱን ቆዳ በሁለት ጣት ሳብ አድርጎ ይልቀቀው። ደግሞ ሳብ፣ ደግሞ ልቅቅ። ከዚያ ቂጣ። ለምን መሰላችሁ? ክትባቱ ብዙ ጊዜ የሚወጋው እዚያው ቆዳ ስር ነው። አንድ ወር እንዲህ የለመደ ውሻ መርፌው ሲመጣ እንደ ወትሮው ጨዋታ ነው የሚመስለው። እግሩንም ማንሳት፣ ጆሮውን ገልጦ ማየት፣ ከንፈሩን ከፍ አድርጎ ጥርሱን ማየት በዚያው ይለመዳል። መዥገርና ቁስል የሚገኘውም ያኔ ነው።

ውሃውን ከየት እናምጣ ለምትሉ፣ ከጣሪያችሁ ነው። የቆርቆሮ ቤት ያላችሁ አሸንዳ ሥሩለትና በርሜል ወይም ሳፋ አስቀምጡ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 30 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 300 ሊትር ይሆናል፤ ጥቂቱ ቢባክን እንኳ ከአሥር ጀሪካን በላይ ነው። ውሻውን ለማጠብ ግማሽ ጀሪካን ይበቃል። ይህን የምለው በምክንያት ነው፤ ሴት ልጃችሁ ከምንጭ በጀርባዋ ተሸክማ ያመጣችውን ውሃ ለውሻ ገላ አታድርጉት። በእሷ ድካም የሚመጣ ጨዋታ ጨዋታ አይደለም።

ጅረት ላይ ደግሞ የውርወራ ጨዋታ አለ። ያው ባዶ ሃይላንድ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ሲዘጋ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ልጁ ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ይወረውረዋል፣ ውሻው በአፉ ይዞ ይመለሳል። የተቀደደ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ የሚሠራው ኳስም ይሆናል። ድንጋይ አይወርወርለት፣ ጥርሱን ይሰብራል። የበቆሎ ቆሮቆንዳም አይሆንም፤ ውሻው ከዋጠው አንጀቱን ይደፍንና ሊገድለው ይችላል። እሸት የምንበላበት ወር ስለሆነ ቆሮቆንዳው በየቦታው ይጣላል፣ እሱን ሰብስቡት። በዚህ ጨዋታ ውሻው የሚማረው ትልቅ ነገር «ና» ሲባል መምጣትን ነው። ጠርታችሁት የሚመጣ ውሻ መንገደኛ ላይ ሲሮጥም ጠርታችሁ ትመልሱታላችሁ።

ሦስተኛው መሻገር ነው። ትልቁ ልጅ ቀድሞ ጠጠር ጠጠሩን እየረገጠ ወዲያ ማዶ ይሻገራል፣ ውሻውን ይጠራል፣ ተመልሶ ይመጣል። ታናናሾቹ ዳር ሆነው ያጨበጭባሉ። ይኼ ነው በቃ፣ ሌላ ምንም የለውም። ግን ልጆች ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሲደጋግሙት ይውላሉ። ውሻውን ጎትቶ ወይም ተሸክሞ ውሃ ውስጥ መጣል ግን ክልክል ነው። ውሻ ሁሉ ዋናተኛ አይደለም፤ ከፈራ የሚይዘው የልጁን እጅ ነው፣ በጥርሱ።

ከዝናብ በኋላ በጭቃ ሜዳ ላይ የሚደረገውን ኳስ ጨዋታ አልዘረዝርም፤ ውሻው ከሁለቱም ቡድን ጋር እንደሚጫወት ያየ ያውቀዋል።

ቦታና ሰዓት ላይ ግን ጥብቅ ነኝ። ውሃው ከትንሹ ልጅ ጉልበት በላይ መድረስ የለበትም፤ አንድ ትልቅ ሰውም እዚያው መኖር አለበት። ክረምት ነው። እኛ ጋ ፀሐይ ሆኖ ላይ ደጋው ላይ እየዘነበ ይሆናል፤ ደራሽ ውሃ ሲመጣ ጊዜ አይሰጥም። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ መምጣት ከጀመረ ወይም ከላይ የመጮህ ድምፅ ከተሰማ ወዲያው ውጡ። ውሻው ማዶ ቢቀርም ተዉት፤ ውሻ ራሱን ያወጣል፣ እሱን ላድን ብሎ የገባ ልጅ ግን ይወሰዳል። ይህን ለልጆቻችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ በዚያች ሰዓት ምክር አይሰማም። ገደል ስር ያለ ጅረትም ለክረምት አይሆንም። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ በጎረቤታችን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከዝናብ በኋላ የተናደው መሬት ከ200 በላይ ሰው እንደቀበረ ሁላችንም እናስታውሳለን።

ዘመድ ጥየቃ በሁምቦ ወይም በአባላ አባያ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ የምትወርዱ፣ እዚያ ውሻም ልጅም ውሃ አይግባ። አዞ አለ። በ2010 ዓ.ም. አርባ ምንጭ አካባቢ እዚሁ ሐይቅ ዳር ሰው ሲያጠምቁ የነበሩ ፓስተር በአዞ ተይዘው ሕይወታቸው አልፏል። በሐይቅ ዳር የሚጮኽና ውሃ የሚያንቦራጭቅ ውሻ አዞን ይጠራል። ኦሞም እንደዚያው ነው።

ሌላው ቦታ የመምረጥ ጉዳይ ነው። ሰው ውሃ ከሚቀዳበት ምንጭና ከቦኖ በላይ በኩል ውሻ አይታጠብ፤ ሁልጊዜ በታች በኩል ይሁን። የቆመ ኩሬ ውስጥም አይግቡ። የአይጥና የውሻ ሽንት የገባበት የቆመ ውሃ በቁስል በኩል በሽታ ያስገባል፤ ትንንሽ ቀንድ አውጣ የሞላበት ዝግ ያለ ውሃ ደግሞ የቢልሃርዚያ ሰፈር ነው። አልቅትም አለ፤ ውሻው ካስነጠሰና ከአንድ የአፍንጫው ቀዳዳ ደም ከመጣ አልቅት ገብቶበት ይሆናል፣ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዱት። ቱፎርዲ ወይም ሌላ መድኃኒት ከተረጨበት ማሳ የሚወርድ ቦይ ውስጥም አይጫወቱ። የመርጫ ዕቃችሁን ጅረት ውስጥ የምታጥቡ ካላችሁ፣ ስለዚህ በሌላ ጊዜ እንነጋገራለን፤ ለአሁኑ ግን ልጆቻችሁ ከታች እንዳሉ አስቡ።

ቁንጫና መዥገር ለማጥፋት ብላችሁ የሰብል መድኃኒት ውሻ ላይ አታፍስሱ። ይህን የሚያደርግ ሰው አለ፣ አውቃለሁ። ውሻው ራሱን ይልሳል፣ ይመረዛል፤ ልጁም ያንኑ ውሻ ያቅፋል። በረኪናና የልብስ ዱቄት ሳሙናም ቆዳውን ያቃጥላል። የገላ ሳሙና ይበቃል። ሳሙናው በደንብ ይለቅለቅ፣ ከዚያ በጆንያ ታሽቶ ፀሐይ ላይ ይቁም። በሳሙና በወር አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል። ቡችላ፣ እርጉዝና የታመመ ውሻ በክረምት ብርድ አይታጠብ።

ከጨዋታ በኋላ የልጆቹ እጅ በሳሙና መታጠብ አለበት፣ በተለይ ከምግብ በፊት። ከውሻ ዓይነ ምድር የሚወጣ የማይታይ የትል እንቁላል ፀጉሩ ላይ ይጣበቃል። ሰው ሆድ ውስጥ ሲገባ ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይሠራል። ጊፋታ ላይ በሬ ስታርዱ ጉበቱ ወይም ሳንባው ውሃ ቋጥሮ ታዩ የለ? እሱው ነው። ያንን ለውሻ ጣል ማድረግ በሽታውን እንደገና መዝራት ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት፣ ወይም አቃጥሉት። የውሻ የትል መድኃኒት ከእንስሳት ክሊኒክ ጠይቁ።

አሁን ደግሞ የምሰማቸውን ተቃውሞዎች ላንሳ። «ውሻ ከልጅ ጋር ከተጫወተ ይለሰልሳል፣ ጠባቂነቱ ይጠፋል» ይባላል። እኔ አላምንበትም። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንላለን አይደል? ቤቱንና ሰዎቹን የወደደ ውሻ ነው ለቤቱ የሚጮኸው። የተመታ ውሻ የሚነክሰው ሌባ መርጦ አይደለም፤ በፍርሃት ነው የሚነክሰው፣ የጎረቤት ልጅም ይሁን ፖስታ ያመጣ ሰው። ጠባቂ ውሻ መጮህና ባለቤቱ ሲጠራው መመለስ አለበት፤ ሁለቱንም በጨዋታ ይማራል።

«እብድ ውሻ ውሃ ይፈራል፤ የእኛ ውሻ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ ጤነኛ ነው» የሚልም አለ። ይህ አደገኛ ስህተት ነው። ውሃ መፍራት በዋናነት የሚታየው በታመመ ሰው ላይ ነው። የታመመ ውሻ ጉሮሮው ስለሚሽመደመድ መዋጥ ያቅተዋል እንጂ ውሃ ይሻገራል። ስለዚህ የምታዩት ሌላ ነው፦ ድምፁ ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ መንጋጋው ከተንጠለጠለ፣ እንጨትና ድንጋይ ከነከሰ፣ ያለ ምክንያት ከቤት ጠፍቶ ከዞረ፣ ወይም ሰው ወዳዱ ተደብቆ ቁጡው ዝም ካለ። ያን ቀን ጨዋታ የለም፤ ልጆቹን አርቁና ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ደውሉ።

ከተነከሱስ? ከተቧጨሩስ? ወይም የውሻው ምራቅ ክፍት ቁስል ላይ ከነካስ? እዚያው፣ ወዲያው፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ በስልካችሁ ሰዓት ቁጠሩት። ለውሻ ሻወር የሠራችሁት ያ ቀዳዳ ክዳን እዚህም ይሠራል፤ ንጹሕ ሃይላንድ ላይ ግጠሙትና ንጹሕ ውሃ እየሞላችሁ አፍስሱበት። ቡና፣ በርበሬ፣ ቅጠል ቁስሉ ላይ አታድርጉ። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ። ጸሎቱም ጸበሉም ይኑር፣ ማንም አይከለክልም፤ ክትባቱ ግን አይቅር፣ የተሰጠው ቀጠሮም አንድ አይጉደል። በሽታው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ድረስ ተደብቆ ስለሚቆይ «ቁስሉ ድኗል» ብሎ ማቋረጥ ብዙ ሰው አስቀጥፏል። ውሻውን ሳትነኩ መዝጋት ወይም ማሰር የሚቻል ከሆነ አትግደሉት፤ 10 ቀን ይታይ። በዚያ ጊዜ ከታመመ ወይም ከሞተ ለጤና ጣቢያውም ለእንስሳት ባለሙያውም ይነገር።

ልጆቹ ንክሻን እንዲደብቁ የሚያደርጋቸው ምን እንደሆነም አስቡ። «ውሻ ይዛችሁ ውሃ አትውረዱ» ተብለው ተደብቀው ከወረዱ፣ ሲነከሱም ይደብቃሉ። የተፈቀደለት ልጅ ግን ሮጦ መጥቶ ይናገራል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ምክንያት ይሄ ነው።

ውሻ ከሦስት ወር ዕድሜው ጀምሮ ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን መስከረም 18 ገደማ ይውላል፣ ጊፋታ አካባቢ ማለት ነው። ስለዚህ ከአሁኑ ቀበሌያችሁ ስብሰባ ላይ እጅ አውጡና «የውሻ ክትባት መቼ ነው? የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠያቂ ሲበዛ መድኃኒቱ ይመጣል። አሥር አሥራ አምስት ቤት ሆናችሁ ስማችሁንና የውሾቻችሁን ቁጥር ጽፋችሁ ብትሰጡ ደግሞ ባለሙያው ስንት መርፌ ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል።

ስልክ ለሌለው ጎረቤት ይህን አንብቡለት። በክትባቱ ቀን ውሻውን የሚይዘው በክረምቱ ያጠበው ልጅ ይሁን፣ አባቱም ከጎኑ ይቁም። ገመዱ ሁለት ሜትር ያህል፣ አንገቱ ላይ ያለው ቋጠሮ የማይጠብቅ፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተውለት። ቂጣዋን ኪስ ውስጥ መያዝ እንዳትረሱ።